«ጎ» ስለሚባለው ትንሽ ግሥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን ለቋንቋ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የቋንቋ ክበባችሁ በዚህ በበዓሉ ሰሞን አንድ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ግዴታ እናገራለሁ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ስለ ሁለቱም ከኔ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ነግረዋችኋል፤ እናንተም በትዕግሥት አዳምጣችኋል። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም እኛ «ሄደ» የምንለውን እንግሊዞች «ጎ» ብለው ስለሚጠሩበት ግሥ ነው። በነሱ አጻጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ከሕፃንነታችሁ ጀምራችሁ የምታውቁት ስለ ሆነ ምን የሚነገርለት ነገር አለ ትሉ ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ እል ነበር።

ነገሩን ከአንድ የክፍል ታሪክ ልጀምር። ዘጠነኛ ክፍል የተማርሁት እዚህ ሳይሆን በሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እንደምታውቁት ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ጂኦግራፊውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ለመናገር የፈራ ልጅ የሚፈራው አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ከኔ ጋራ በአንድ ዴስክ የሚቀመጥ ባልንጀራ ነበረኝ። ከከተማው ውጭ ካለ መንደር በየጧቱ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ እየተጓዘ የሚመጣ፣ በሒሳብ ከክፍሉ ማንም የማይደርስበት ልጅ ነበር። አንድ ሰኞ ጧት የእንግሊዝኛ መምህራችን «ቅዳሜ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀን። ባልንጀራዬ እጁን አነሣ፤ ተፈቀደለትና ብድግ ብሎ ድምፁን ከፍ በማድረግ «አይ ጎድ ቱ ማርኬት» አለ። ወደ ገበያ ሄድሁ ማለቱ ነው። «ዌንት» ማለት ሲገባው «ጎድ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ «ጎድ ያለ ጎዶሎ!» አለና ሳቁ እንደገና ተነሣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጁ ስም «ጎዶሎ» ሆነ፤ በዕረፍት ሰዓት ጎዶሎ፣ በኳስ ሜዳ ጎዶሎ። በዚያ ዓመት በእንግሊዝኛ ክፍል ሁለተኛ እጁን ሲያነሣ አላየሁም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከነጭራሹ አልመጣም። ትምህርቱን የተወው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ በቤቱም ችግር ነበረ። ነገር ግን ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ያውም ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ። ዛሬ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ሳስበው ያ ሳቅ ያለ ቦታው የተሳቀ እንደ ነበረ በሰዋስው ማስረዳት ስለምችል፣ ዕዳዬን በእናንተ ፊት ልከፍል ፈለግሁ።

እስቲ ባልንጀራዬ ያደረገውን በጸጥታ እንመርምረው። በእንግሊዝኛ «ዎክ» ያለ ሰው ለኀላፊው «ዎክት» ይላል፤ «ፕሌይ» ያለ «ፕሌይድ»፣ «ኮል» ያለ «ኮልድ» ይላል። ከግሡ ጫፍ አንዲት «ድ» ወይም «ት» ብትቀጥል ኀላፊ ጊዜ ታገኛለህ። ይህን ሕግ ያስተማረን ያው የሳቀው መምህር ነው። ባልንጀራዬ የተማረውን ሕግ ይዞ «ጎ» ላይ «ድ» ቀጠለ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ታዲያ ሕግ የጣሰው ማነው? ልጁ ነው ወይስ ግሡ? «ጎ» እና «ዌንት» በድምፅም በፊደልም የሚጋሩት አንዳች ነገር የለም። የአንድ ግሥ ሁለት መልኮች ናቸው ብሎ የነገረን ሰው ባይኖር ማን ይጠረጥር ነበር?

የ«ዌንት»ን ምሥጢር ከማንሣቴ በፊት ስለ «ጎ» ትርጕም ጥቂት ልበል። ዛሬ «ጎ» ማለት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ መንቀሳቀስ ነው፤ በእግር ይሁን በበቅሎ፣ በመኪና ይሁን በአውሮፕላን ልዩነት የለውም። በድሮው አነጋገር ግን በተለይ በእግር መራመድ ማለት ነበር። «መጋለብም መሄድም አልችልም» የሚል እንግሊዝ ፈረስ ላይ መቀመጡም በእግሬ መራመዱም አይሆንልኝም ማለቱ ነበር። ጆን ቡንያን በ1678 ባሳተመው ስለ መንፈሳዊ መንገደኛ በሚተርከው መጽሐፉ፣ መንገደኛው ቀጥ ያለ አቀበት ሲገጥመው ከሩጫ ወደ «ጎ»፣ ከ«ጎ» ደግሞ በእጅና በጉልበት ወደ መዳህ እንደ ወረደ ይተርካል። እዚያ ላይ «ጎ» በሩጫና በመዳህ መካከል ያለው እርምጃ ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ቃሉ እያደር ከእግር ተላቀቀ። ወተት ሲበላሽ በ«ጎ» ይናገሩታል፤ ሰው ሲያብድ፣ ዓይኑ ሲጠፋ በ«ጎ» ይናገሩታል። መልካም ነገር ሲሆን ግን፣ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ «ካም» ማለትን ይወዳሉ፤ ሕልም እውን ሲሆን «መጣ» ይባላል እንጂ «ሄደ» አይባልም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ተናጋሪው የቆመበት ስፍራ ደኅና ስፍራ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ከዚያ የራቀው ተበላሸ፣ ወደዚያ የቀረበው ተቃና ይባላል። እኛም «በሽታው እየባሰበት ሄደ»፣ «እየተሻለው መጣ» ስንል እግሩን ያነሣ ማንም ሰው የለም፤ ሕመምተኛው ከአልጋው አልተነቃነቀም። በዚህ በኩል እንግሊዝኛና አማርኛ ሳይመካከሩ ተስማምተዋል።

አንድ ሌላ አገልግሎትም አለው። «አይ አም ጎይንግ ቱ ራይት» የሚለው አነጋገር በመጀመሪያ ትርጕሙ «ልጽፍ መንገድ ጀምሬአለሁ» ማለት ነበር። ሰው አንድ ሥራ ለመሥራት ሲያስብ ሥራው ወዳለበት ይሄዳልና መሄዱና ማሰቡ ተጣምረው ኖሩ፤ በኋላ መሄዱ ተረሳና ማሰቡ ብቻ ቀረ። በ1646 በታተመ አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ይህ «ጎይንግ ቱ» የትንቢት ምልክት ሆኖ ተቈጥሯል። ዛሬ እንግሊዙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ የትም ሳይሄድ፣ ዝናቡ ራሱ «ሊዘንብ ይሄዳል» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንግሊዝኛ ከ5ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ አገር ባሕር ተሻግረው ወደ ብሪታንያ ደሴት የገቡ አንግል፣ ሳክሶንና ጁት የሚባሉ ነገዶች ይዘውት የመጡት ቋንቋ ነው። በነዚያ ሰዎች አነጋገር መሄድ «ጋን» ይባል ነበር፤ የጠላው ጋን እንዳይመስላችሁ። ወንድሞቹ ዛሬም በየአገሩ አሉ፤ ጀርመኖች «ጌኸን» ይላሉ፤ የስዊድን ሰዎች ደግሞ ልክ እንደ እንግሊዞቹ «ጎ» ይላሉ። ጥንት ከ«ጋን» ጋራ የሚሄድ «ጋንጋን» የሚባል ረዘም ያለ መልክም ነበረው። ይህኛው በመደበኛው እንግሊዝኛ በግሥነቱ ሞቷል፤ ነገር ግን አጥንቱ ቀርቷል። አብረው የሚሄዱ ወንበዴዎች «ጋንግ» ይባላሉ፤ ከመርከብ መውጫና መግቢያው «ጋንግዌይ» ይባላል። እንዲህ ያለው ነገር በኛም አገር አለ። በግዕዝ መሄድ «ሖረ» ነው። አማርኛ ግሡን ትቶ «ሄደ»ን ይዟል፤ ሆኖም «ሐዋርያ» የሚለው ቃል ከዚያው ከ«ሖረ» የወጣ ነው፤ ሂያጅ፣ ተልኮ የሚጓዝ ማለት ነው። ከዋክብት የሚዞሩበትን መንገድ «ምሕዋር» የምንለውም ከዚያው ነው። ግሡ ሞተ፤ ልጆቹ ግን አሉ።

የ«ጋን» ኀላፊ ጊዜ በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን፣ ማለትም ከ871 እስከ 899 ባለው ጊዜ፣ «ኤዮደ» ነበር። ልብ አድርጋችሁ ስሙት፤ «ጋን» እና «ኤዮደ»! የዛሬ ሺህ ዓመትም ኀላፊው ከአሁኑ ጋራ አይመሳሰልም ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን እንዲሁ ነበር። የጎቶች ጳጳስ ዉልፊላ በ4ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን በተረጐመበት በጎትኛ ቋንቋ መሄድ «ጋንጋን» ሲሆን ኀላፊው «ኢድያ» ነው። ስለዚህ ይህ ግሥ ጎዶሎ የሆነው ዛሬ አይደለም፤ ከተወለደ ጀምሮ ኀላፊውን ከጎረቤት እየተበደረ የኖረ ግሥ ነው። ያን ጊዜ በክፍላችን ውስጥ «ጎዶሎ» መባል የነበረበት ማን እንደ ሆነ አሁን ታያላችሁ።

«ዌንት» ግን ገና አልመጣም። በዚያው ዘመን «ዌንዳን» የሚባል ሌላ ግሥ ነበር። ፍቺው ዞረ፣ አዞረ፣ መለሰ ማለት ነው፤ ሲጠመጠም ወይም ሲጠማዘዝ ከሚባለው «ዋይንድ» ከሚለው ግሥ ጋራ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ያለ ዓላማ መንከራተት የሚባለው «ዋንደር»ም ዘመዳቸው ነው። የዞረ ሰው እንዴት የሄደ ሰው ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱን ከአፉ ያገኘዋል። እኛ ሰውን ስናባርር «ዞር በል» እንል የለምን? ያን ጊዜ በስፍራው ሆኖ ፊቱን እንዲያዞር ብቻ አይደለም የምንፈልገው፤ እንዲሄድልን ነው። «ሲዞር ዋለ» የምንለውም ሰው በአንድ ቦታ እንደ እንዝርት የሚሾር አይደለም፤ በእግሩ አገር ያካለለ ነው። የእንግሊዞቹ «ዌንድ»ም በዚሁ መንገድ ከመዞር ወደ መሄድ መጣ።

የ«ዌንድ» ኀላፊ እንዴት «ዌንት» እንደ ሆነ እናንተው ታውቃላችሁ፤ አዲስ ነገር አይደለም። «ሴንድ» ያለ «ሴንት»፣ «ቤንድ» ያለ «ቤንት»፣ «ስፔንድ» ያለ «ስፔንት» ይላል። «ዌንድ» ያለም «ዌንት» አለ። በገዛ ቤቱ ሳለ ፍጹም ሥርዓት ያለው፣ ከወንድሞቹ የማይለይ ልጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በኛ አገር ልማድ ብናገር ይቀለኛል፤ «ጎ» «ዌንት»ን በጉዲፈቻ ወሰደው። የገዛ ልጁ «ኤዮደ» ድምፁ እየለዘበ «ዬደ» ወደ መባል ደርሶ ነበር፤ አባቱን አይመስልም፤ ደካማም ነው። «ዌንት» ደግሞ ጠንካራ፣ ጆሮ የለመደው፣ ትርጕሙም መሄድ የሆነ ልጅ ነው። ሁለቱ ብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖሩ። በ1400 የሞተው ባለ ቅኔው ጆፍሪ ቾሰር ሁለቱንም ይጽፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1500 አካባቢ፣ በደቡብ እንግሊዝ «ዌንት» ብቻውን ቀርቶ ነበር። ዊልያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ አገር አምጥቶ ነበርና፣ መጻሕፍቱ የደቡቡን አነጋገር በየስፍራው አዳረሱት። ልጁን የሰጠው «ዌንድ» ግን ኀላፊ አልባ ሆኖ ቀረ፤ በእርጅናው ሌላ መውለድ ግድ ሆነበትና «ዌንደድ» የሚባል ኀላፊ አወጣ። ዛሬ ይህ አሮጌ ግሥ መንገድን ቀስ ብሎ መያዝን ለመናገር በግጥምና ጌጥ ባለው ጽሑፍ ካልሆነ ብዙ አይሰማም።

ሦስተኛው መልክ «ጎን» ደግሞ የ«ጋን» የገዛ ልጅ ነው። ስለዚህ በየደብተራችሁ በሦስት መስመር የምትጽፉት ጎ፣ ዌንት፣ ጎን በሁለት ሥጋ ዘመዶች መካከል አንድ ባዕድ የተቀመጠበት ቤተ ሰብ ነው።

የተረሳው «ዬደ» በኋላ አንድ ትልቅ ሰው አሳስቷል። ኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 ማሳተም በጀመረው ታላቅ ግጥሙ የጥንት ቃላት መጠቀም ይወድ ነበር፤ «ዬደ» የሚለውን ከድሮ መጽሐፍ አገኘና ኀላፊ መሆኑን ሳይረዳ ልክ «መሄድ» እንደሚባለው አድርጎ አገባው። ከእንግሊዝ ታላላቅ ባለ ቅኔዎች አንዱ በዚሁ በአንድ ግሥ ተሰናክሏል። ስፔንሰርን ግን ማንም ጎዶሎ ብሎ አልጠራውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን እንውጣ። የስኮትላንድ ሰዎች «ዌንት»ን እንደ ደቡቦቹ በቶሎ አልተቀበሉም። እነሱ «ጎ»ን «ጌ» ይሉታል፤ ኀላፊ ሲያስፈልጋቸው ከሌላ ቤት ልጅ አላመጡም፤ በገዛ ግሣቸው ላይ «ድ» ቀጥለው «ጌድ» አሉ። ባልንጀራዬ ያደረገውም ይህንኑ ነው! በዚያ አገር ገበሬውም ባለ ቅኔውም «ጌድ» እያሉ ዘመናት ኖረዋል፤ በስኮትኛ ግጥም ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ዘጠነኛ ክፍል የነበረው ልጅ ስሕተት ሠራ የሚባለው ከተወሰነ ወንዝ በስተ ደቡብ ቆሞ ለሚሰማው ሰው ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ መሳቅ «ላፍ» ነው፤ ኀላፊው «ላፍት»። ሥርዓቱን የጠበቀ ግሥ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን እንደዚህ አልነበረም፤ ኀላፊው «ሕሎህ» የሚባል፣ ውስጡ የሚለዋወጥ ጠማማ ግሥ ነበር። አንድ ዘመን ላይ ሰዎች፣ ምናልባትም ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጠማማውን ትተው «ድ» ወይም «ት» መቀጠል ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የሰሙ ሽማግሌዎች ሳይስቁባቸው አልቀሩ ይሆናል። ዛሬ ግን «ላፍት» ያላለ ነው የሚሳቅበት። መርዳት የሚባለው «ሄልፕ»ም እንዲሁ ጠማማ ኀላፊ ነበረው፤ እሱም ቀንቷል። እኛ ክፍል ውስጥ ስንስቅ የሳቅነው፣ መሳቅ የሚለው ግሥ ራሱ ባለፈበት መንገድ በሚሄድ ልጅ ላይ ነበር።

«ታዲያ ‹ላፍ› ሲቀና ‹ጎ› ስለ ምን አልቀናም?» ትሉኝ ይሆናል። ሰው ጠማማ መልክን በቃሉ ሊይዝ የሚችለው ደጋግሞ ሲሰማው ነው። «ዌንት» በየቀኑ፣ በየቤቱ፣ በየጨዋታው ይነሣል፤ ሕፃኑ ሳይረሳው እንደገና ይሰማዋል። በወር አንድ ጊዜ የሚነሣ ግሥ ግን ሲረሳ ሰው ወደ ሕጉ ይመለሳል። ስለዚህ በየቋንቋው ጠማሞቹ የምንደጋግማቸው ናቸው፤ መሆን፣ መምጣት፣ መሄድ፣ መስጠት። የፈረንሳይን «አሌ» የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሄዳለሁ ሲል «ቬ» ይላል፣ በትንቢት «ዢሬ» ይላል። አንዱ «ቫዴሬ» ከሚባለው፣ ሌላው «ኢሬ» ከሚባለው የላቲን ግሥ የመጡ ናቸው። ስፔኖች ደግሞ «ሄድሁ» እና «ነበርሁ» ለማለት አንዱን ቃል «ፉዊ»ን ይጠቀሙበታል፤ የነበረውንና የሄደውን የሚለዩት በወሬው ነው።

የእንግሊዞቹ ልጆችስ? በ1958 ጂን በርኮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የሆናቸውን ልጆች በፈጠራ ቃላት ፈተነቻቸው። ለምሳሌ «ሪክ» የሚባል ትርጕም የሌለው ግሥ ሰጥታ «ይህ ሰው ይሪካል፤ ትናንትናም ይህንኑ አድርጓል፤ ትናንት ምን አደረገ?» ትላቸዋለች። ቃሉን በሕይወታቸው ሰምተውት አያውቁም፤ ቢሆንም ብዙዎቹ «ሪክት» አሏት። ስለዚህ ልጅ የሰማውን ብቻ እንደ ገደል ማሚቶ አይመልስም፤ ሳያውቀው ሕግ ያወጣል። የሕፃናትን አነጋገር የተከታተሉ ሌሎች ሊቃውንትም አንድ ነገር አስተውለዋል። እንግሊዛዊው ሕፃን መጀመሪያ «ዌንት» ይላል፤ የሰማው ነውና። ጥቂት ከፍ ሲል «ጎድ» ማለት ይጀምራል። ወላጆቹ ወደ ኋላ ተመለሰ ብለው ይደነግጡ ይሆናል፤ እሱ ግን ሕጉን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እያደር ወደ «ዌንት» ይመለሳል። እንግዲህ «ጎድ» ማለት ከድንቁርና ወደ ዕውቀት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። ባልንጀራዬ ድልድዩ መካከል ቆሞ ሳለ ነው የሳቅንበት፤ እሱም መሻገሩን ትቶ ተመለሰ።

ይህ የባዕድ ቋንቋ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ የገዛ ቤታችንን ላሳያችሁ። «በላ» ሲታዘዝ «ብላ» ነው፤ «ሰማ» ሲታዘዝ «ስማ» ነው። «መጣ» ሲታዘዝስ? በሕጉ ከሄድን «ምጣ» ይሆናል። እኛ ግን «ና» እንላለን፤ ለሴት «ነዪ»፣ ለብዙ «ኑ»። «መጣ» እና «ና» ምን የሚያገናኛቸው ፊደል አለ? ግዕዙም «መጽአ» ብሎ ሲያዝዝ «ነዓ» ይላልና ይህ ጉዲፈቻ ከአማርኛ የቀደመ ነው። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው «እባክህ ወደ ቤቴ ምጣ» ቢለን እንስቃለን፤ የኛን ሕግ ከኛ ይልቅ አክብሮ ሳለ።

«ነው» ኀላፊው «ነበር» ነው። ይህንንም ማንም አስቦበት አያውቅም። «ነበረ» በግዕዝ ፍቺው ተቀመጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ መቀመጫው «መንበር» ተባለ፤ የተቀመጣችሁበት «ወንበር»ም ከዚሁ የወጣ ነው። «ትናንት እዚህ ነበርሁ» የሚል ሰው፣ አባቶቹ በሚሰሙት ጆሮ፣ «ትናንት እዚህ ተቀምጬ ነበር» ማለቱ ነው። እንግሊዝ ለሄደው ሰው ኀላፊ ከመዞር ተበደረ፤ እኛ ለሆነው ነገር ኀላፊ ከመቀመጥ ተበደርን። እኛ እንግሊዞቹን ወይም እንግሊዞቹ እኛን ቢስቁ ማን ያምርበታል?

ወደ ባልንጀራዬ ልመለስና ላብቃ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት ገብቼ አገኘሁት። እህል ይነግዳል፤ ደኅና ቤት አለው፤ ሒሳቡን ዛሬም በወረቀት ሳይሆን በቃሉ ነው የሚሠራው። ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት ዛሬ ለእናንተ የነገርኋችሁን ሁሉ፣ ስኮትላንዶቹንም ስፔንሰርንም፣ ነገርሁት። ሚዛኑን እየወለወለ ጸጥ ብሎ ሰማኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርኸኝም?» አለኝ።

«ያን ጊዜ አላውቅም ነበር» አልሁት።

«ላለመሳቅ ግን ይህን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግህም ነበር» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ ነው፤ ቢሆንም የምመልሰው አጣሁ። እሱም የኔን መጨነቅ አይቶ ወደ ጓዳ ዞረና ልጁን ጠራ። «ነዪ እስቲ፤ እሷም ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች፤ ይህን ለሷ ንገርልኝ» አለኝ።

ልጅቱ ደብተሯን ይዛ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ከ«ጋን» እስከ «ጌድ»፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። አንዳንዱን ጻፈች፤ አንዳንዱን አባቷን እያየች ሰማች። ስጨርስ ጥቂት አሰበችና፣

«ጋሼ፤ ታዲያ ፈተና ላይ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ዌንት ጻፊ» አልኋት።